ያ ሁሉ መድኃኒት ምን አጠፋ?

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ለዛሬ የቀጠርኩት እንግዳ ነበር፤ ለሌላ ጊዜ አስተላልፌዋለሁ። ስለ አባቴ፣ ስለ አባባ ሕመም፣ ጀምሬ ያቋረጥኩት ወሬ አለ፣ የባዮፕሲው፣ ከጨጓራቸው ተወስዶ የተመረመረው ናሙና፣ ውጤትም ደርሷል፤ ስለ ሌላ ጉዳይ ላውራ ብል አንደበቴ አይታዘዝልኝም። «እንዴት ናቸው?» እያላችሁ ለጻፋችሁልኝ ሁሉ መልሱ ካንሰር ነው። የጨጓራ ካንሰር ነው፤ የተገኘውም ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ታክሞ ከጠፋ በኋላ ነው።

ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ወንበሩን ወደ እኛ አስጠጋና፣ «አባቴ፣ ከጨጓራዎ የወሰድነው ናሙና ውስጥ የካንሰር ሕዋስ ተገኝቷል» አለ። አባባ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ታዲያ ልጄ፣ ያ ሁሉ መድኃኒት ምን አጠፋ?» ብለው ጠየቁት። «ባክቴሪያውን አጥፍቷል አባቴ፤ አሁንም በናሙናው ላይ የለም» አላቸው። አባባም «አልሃምዱሊላህ» አሉ።

ምስጋናው ለምኑ እንደነበረ ዛሬም አልገባኝም። ለጠፋው ባክቴሪያ ነው? ወይስ ክፉም ደጉም ሲነገራቸው ከአፋቸው የማይጠፋው ቃል በልማድ ወጥቶ ነው? ጥያቄያቸው ወቀሳ እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ። ሰኞ ገበያ ዕድሜያቸውን ሙሉ እህል ሲሸጡ፣ ደንበኛ የጎደለበት ከመሰለው እህሉን መልሰው ሰፍረው የሚያሳዩ ሰው ናቸው፤ የፈለጉት ሒሳቡ እንዲገባቸው ነው። አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል፣ ሁለቱን አንቲባዮቲኮችም፣ አሞክሲሲሊኑን እና ክላሪትሮማይሲኑን፣ ረመዳን ሳይገባ ለመጨረስ ብለው፣ አፋቸው እየመረረ፣ ጠዋትና ማታ ለ14 ቀን አንድም ፍሬ ሳያጓድሉ ወስደዋል። መድኃኒቱ ካለቀ ከአራት ሳምንት በላይ ቆይተው፣ ኦሜፕራዞሉንም እንደታዘዙት ቀድመው አቁመው፣ የሰገራ ምርመራ አደረጉ፤ ውጤቱም ነጻ ሆነ። ያ ውጤት እውነት ነበር። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝም ይኸው ነው፤ ማንም አልዋሸንም፣ ማንም አልተሳሳተም።

ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ ኤች ፓይሎሪ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰው ሆድ የሚገባው በልጅነት ነው። ብዙ ጊዜ ለአሥርት ዓመታት ምንም ሳያሳምም የጨጓራውን ሽፋን ሲያስቆጣ ይኖራል፤ ሽፋኑ ይሳሳል፣ በአንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ የጨጓራ ሕዋሳት ቀስ በቀስ የአንጀት ሕዋሳትን እየመሰሉ ይለወጣሉ፤ ከዚያ የበለጠ ሲበላሹ ወደ ካንሰር ያመራሉ። ሕክምናው ባክቴሪያውን ያወጣል፣ ቁጣውንም ያበርዳል፤ አስቀድሞ የተለወጠው ቦታ ግን ሁልጊዜ ወደ ነበረበት አይመለስም። አባባ ይህን ሁሉ ሰምተው፣ «ነቀዙ ወጣ፣ እህሉ ግን ተበልቷል ማለት ነው» አሉ። ሐኪሙ አንገቱን ነቀነቀ፤ ከዚያ የተሻለ የሚጨምርበት ነገር ያጣ መሰለኝ።

የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው ከጭንቀትና ከአሲድ ነው ተብሎ በሚታመንበት ዘመን፣ ሮቢን ዋረን እና ባሪ ማርሻል ይህን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1982 በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ አሳድገው አሳዩ። ማርሻል የሚያምነው ቢያጣ በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን ታመመ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 ካንሰር አምጪ ከሆኑት ተርታ መደበው፤ ሁለቱ ሰዎችም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ይህን ሳነብ የቆምኩት 1984 ላይ ነው። ወሎ ያን ጊዜ እኛ ሰባ ሰባት በምንለው ረሃብ ውስጥ ነበረች። አባባ ወጣት ነበሩ፣ ስለዚያ ጊዜ ብዙም አይናገሩም፤ ባክቴሪያው ግን ሳይሆን አይቀርም ያኔም በዚያ ባዶ ሆድ ውስጥ ነበረ። ይህን ካሰብኩ በኋላ የማነበውን መቀጠል አልቻልኩም።

ኢንዶስኮፒ ያደረገላቸው፣ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ጨጓራቸውን ያየው ሐኪም ምስሉን በስክሪን ሲያሳየኝ፣ በጣቱ እየጠቆመኝ እንኳ ካንሰሩን ከሌላው ሽፋን መለየት አልቻልኩም፤ ትንሽ ቀላ ብሎ ጎድጎድ ያለ ቦታ ነው። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላ የሚገኝ ካንሰር አንዳንድ ጊዜ ጤነኛ በሚመስሉ ሕዋሳት ስለሚሸፈን ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ተራ የጨጓራ መቆጣትም ይመስላል አለኝ። ጃፓን ከ2013 ጀምሮ በዚህ ባክቴሪያ ጨጓራው የተቆጣ ሰው ሁሉ በጤና መድን እንዲታከም ስለፈቀደች፣ የዚያ አገር ሐኪሞች እንዲህ ዓይነቱን በሚገባ ያውቁታል። እኛን ወደ ሐኪም የመለሰን ሕመም እንኳ አይደለም። አባባ ጥቂት ጎርሰው «ጠገብኩ» ማለት ጀመሩ፣ ሱሪያቸው ሰፋ፣ የደም ምርመራውም ደም ማነስ አሳየ።

ጎረቤት ሁሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ዱአ ሊያደርግላቸው ቤት ተሰብስቦ ቡና ሲፈላ፣ አንዲት እናት ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «የኔም ልጅ ይኸንኑ መድኃኒት ጀምሯል፤ ካንሰሩን ካላስቀረ ምን ያደርግለታል? ላስቁመው?» አሉኝ። ደነገጥኩ። እንዳያስቆሙት ለመንኳቸው። ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ካንሰር ሳያገኛቸው እንደሚኖሩ፣ ሕክምናው የካንሰሩን ዕድል ወደ ግማሽ በተጠጋ መጠን እንደሚቀንስ በጥናት መታየቱን፣ ሽፋኑ ሳይለወጥ ቀድሞ የታከመ ደግሞ የበለጠ እንደሚጠቀም ነገርኳቸው። የነገርኳቸው ሁሉ እውነት ነው፤ አሁንም እደግመዋለሁ፣ የጀመራችሁትን አታቋርጡ። ነገር ግን አባባ መጋረጃው ወዲያ ተኝተው እያንዳንዱን ቃል ይሰሙ ነበር። «ቀድሞ የታከመ» ስል ድምፄ ሲሰበር ተሰማኝ፤ ሴትየዋም ክንዴን ይዘው «አብሽር» አሉኝ።

ሲቲ ስካኑ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል መሰራጨቱን አላሳየም፤ ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ እንሄዳለን። ያ መልካም ዜና ነው ብዬ ለመናገር እየሞከርኩ ነው።

ሐኪሙ እኛም ልጆቻቸው እንድንመረመር አዟል። ኮምቦልቻ ያለው ወንድሜ፣ «ቢገኝብኝ እታከማለሁ፤ ታክሜ ነጻ ነህ ብባልስ እንዴት አምናለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለሴትየዋ የመለስኩትን ልመልስለት ብዬ ጀመርኩ፤ መጀመሩን ጀመርኩ፣ ግን እሱ አባቱን እያየ ነው የሚጠይቀኝ፤ እኔም ያንኑ እያየሁ… የምርመራ ወረቀቴን ይዤያለሁ፣ እሱም ይዟል፤ እስካሁን ሁለታችንም አልሄድንም፤ አባባ ደግሞ ማታ ማታ «ተመረመራችሁ?» ይላሉ።