ስም ያልተጻፈበት የፍቅር ኮሚክ፦ ሰዓሊውን እንዴት እንለያለን?

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የታተሙ የፍቅር ኮሚኮችን የሚመለከቱ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ጥቂት የ1950ዎቹ የፍቅር ኮሚኮች ገዛሁ። የሰዓሊው ስም የትም የለም። ከየት ልጀምር?

ስሙ የጠፋው በእርስዎ ቅጂ ላይ ብቻ አይደለም። በ1947 የኮሚክ ሠሪዎቹ ጆ ሳይመንና ጃክ ከርቢ «ያንግ ሮማንስ» የተባለውን የፍቅር ኮሚክ ካወጡ በኋላ ገበያው ደራ፤ አሳታሚዎችም ተሻሙበት። ሰዓሊዎች የሚከፈላቸው በገጽ ነበር፤ ሥራውን ካስረከቡ በኋላ ስማቸውን ማተም ግዴታ አልነበረም።

መጀመሪያ ፊርማ ይፈልጉ። የታሪኩን መክፈቻ ትልቅ ሥዕል አራቱንም ማዕዘን በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። ቀጥሎ በሥዕሉ ውስጥ ጽሑፍ ሊኖርባቸው የሚችሉ ነገሮችን ይፈትሹ፤ የሱቅ ሰሌዳ፣ የመጽሐፍ ጀርባ፣ የመኪና ታርጋ። አንዳንዱ ሰዓሊ የስሙን መነሻ ፊደላት እዚያ ይደብቃል። በሽፋኑ ላይ ያለ ፊርማ ግን የውስጡን ታሪክ አይመለከትም፤ ሽፋኑን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው የሚሠራው። በ1950 አካባቢ ደግሞ ብዙዎቹ ሽፋኖች ፎቶግራፍ ነበሩ።

ከዚያ በውስጥ ገጽ በደቃቅ ፊደል የታተመውን የአሳታሚ ስምና ቀን ይመዝግቡ። በዓመት አንዴ የሚወጣ የባለቤትነት መግለጫ ካገኙ አርታኢውንና አሳታሚውን ይነግርዎታል። ሰዓሊውን አይነግርም፤ ግን የማን ቢሮ እንደሆነ ካወቁ የሚያነጻጽሯቸው ሰዓሊዎች ቁጥር በጣም ይቀንሳል። አትላስ የተባለው አሳታሚ ባወጣቸው መጽሔቶች የታሪኩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ትንሽ የሥራ ቁጥርም አለ። ተቀራራቢ ቁጥር ያላቸው ታሪኮች በተቀራራቢ ጊዜ የታዘዙ ናቸው። ቁጥሩ የታሪኩ እንጂ የሰዓሊው አይደለም፤ በእሱ ብቻ ስም መስጠት ስህተት ነው።

ጥያቄ፦ ፊርማ ከሌለስ? ባለሙያዎች «ይህ የእገሌ እጅ ነው» የሚሉት በምን አይተው ነው?

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ብዙ ሰው የዋናዋን ሴት ፊት አይቶ ይፈርዳል፤ የሚሳሳተውም በዚያው ነው። የውብ ሴት ፊት የዘመኑን ፋሽንና የአሳታሚውን ፍላጎት የሚከተል ነገር ነው፤ አንዳንዴም በሌላ እጅ ይታረማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው ጆቫኒ ሞሬሊ የጥንት ሥዕሎችን ሰዓሊ ሲለይ ጆሮና ጥፍርን ይመለከት ነበር፤ ሰዓሊ ሳያስብበት፣ በልማድ ብቻ የሚሠራቸው ናቸውና። ለኮሚክም ያው ዘዴ ይሠራል።

ከአንድ ታሪክ ቢያንስ አሥር ሳጥኖች፣ ማለትም በገጹ ላይ ለየብቻ የተከለሉ ሥዕሎች፣ ይምረጡና በ600 ዲፒአይ (በኢንች 600 ነጥብ) ስካን ያድርጉ። መጽሔቱን ለጥ ለማድረግ ጀርባውን አይጫኑት፤ ወረቀቱ ደርቋልና በሽቦው ዙሪያ ይቀደዳል። በፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ ቀዩን ቻናል (ምስሉ ከተሠራባቸው የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ድርቦች የቀዩን) ብቻ ለይተው ይመልከቱ። የፊት ቆዳ የታተመው በቢጫና በሮዝ ቀለም ስለሆነ ነጠብጣቡ ይጠፋል፤ ጥቁሩ መስመር ጥርት ብሎ ይቀራል። ሰማያዊ ያለበት ቦታ፣ ለምሳሌ የጥቁር ፀጉር ወዝ፣ በዚህ መንገድ አይጠራም።

አሁን ጆሮዎቹን አንድ ላይ፣ እጆቹን አንድ ላይ፣ የልብስ እጥፋቶቹን አንድ ላይ ይደርድሩ። ከኋላ የቆሙትን ተራ ሰዎች አይዝለሉ፤ ሰዓሊው በጥድፊያ የሠራቸው እነሱን ነውና ልማዱ ይበልጥ የሚታየው እዚያ ነው። ይህን ድርድር ከዚያው አሳታሚ በወጡና ፊርማ ካለባቸው ሥራዎች ጋር ያነጻጽሩ፤ በጊዜ ሲበዛ ሁለት ዓመት የሚራራቁትን ብቻ ይውሰዱ። የሰው እጅ ይለወጣል፤ የ1948 ሥራ ለ1957 ምስክር አይሆንም።

ትልቁ ወጥመድ ግን ገጹ የአንድ ሰው ሥራ አለመሆኑ ነው። አንዱ በእርሳስ ይነድፋል፣ ሌላው በቀለም ያሰምራል፣ ሦስተኛው ጽሑፉን ይጽፋል። ስታንዳርድ በሚባለው ድርጅት አሌክስ ቶትና ማይክ ሴኮውስኪ የነደፏቸውን ገጾች ማይክ ፔፒ በቀለም ሲያሰምር ቆይቷል። ሽፋሽፍቱን፣ ከንፈሩን፣ የመስመሩን ውፍረት ብቻ ያየ ሰው ሁሉንም የአንድ ሰው ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ለየብቻ ይጠይቁ። የሰዎቹ አቋቋም፣ የሳጥኖቹ አደራደር፣ ምስሉ ከቅርብ ነው ከሩቅ የሚታየው የሚለው የነዳፊው ነው። የብሩሽ ምት፣ የጥላ ጭረትና የፀጉር አሠራር የአሰማሪው ነው። የፊደሉ ቅርጽ የጽሑፍ ጸሐፊውን ያሳያል፤ ቤን ኦዳ ለሳይመንና ከርቢ ብዙ ገጾች ጽፏል፤ የእሱን ፊደል ማወቅ ግን ስቱዲዮውን እንጂ ሰዓሊውን አይነግርም።

አንድ ሳጥን ፍጹም ቢመሳሰል እንኳ ማስረጃ አይሁንዎ። ሰዓሊዎች ከመጽሔት ሥዕሎችና አንዱ ከሌላው ይገለብጡ ነበር። የሚያሳምነው በብዙ ገጽ የሚደጋገም ልማድ ነው።

ጥያቄ፦ የፍቅር ታሪክ ስለሆነ ሰዓሊዎቹ ሴቶች ነበሩ?

አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። ሴቶችም ግን ነበሩ፤ ሩት አትኪንሰንና አን ብሩስተር በዚህ ዘርፍ ሠርተዋል። «የሴት እጅ ይመስላል» የሚባል መለያ የለም፤ በዚያ መንገድ ስም አይስጡ። በሴንት ጆን ድርጅት የፍቅር ኮሚኮችን በማሳመር ከሁሉ የሚጠቀሰው ማት ቤከር ጥቁር አሜሪካዊ ወንድ ነበር፤ በ1959 ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜው ሞተ።

ጥያቄ፦ ያለኝ የ1970ዎቹ መጀመሪያ መጽሔት ነው፤ የፊቱ አሳሳል ግን የቆየ ይመስለኛል።

ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ዲሲ የተባለው አሳታሚ በዚያ ጊዜ አሮጌ ታሪኮችን ሲደግም ፀጉሩንና ልብሱን በአዲስ ፋሽን አስቀይሯል። ፀጉሩ የ1970 ሆኖ ስልኩ፣ መኪናውና ሶፋው የ1958 ከሆኑ ድጋሚ ሕትመት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመረምሩት እጅና የክፍሉን ዕቃ ብቻ ነው፤ ፀጉሩ የሌላ ሰው ሥራ ነው። በ1954 መጨረሻ አሳታሚዎቹ ራሳቸው የይዘት ገደብ ያወጡበት የኮሚክ ደንብ ከወጣ በኋላ በተደገሙ ታሪኮችም ደረት የሚያሳዩ ልብሶች ወደ ላይ ተስበው ተሸፍነዋል፤ በአንገት አካባቢ የተለየ የመስመር ውፍረት ካዩ የአራሚ እጅ ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካዊው ሰዓሊ ሮይ ሊክተንስታይን የሣላት በውሃ የምትሰምጠው ሴት ከኮሚክ ነው የተወሰደችው ይባላል። የማን ናት?

ሥዕሉ የ1963 ሲሆን ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም አለ። ምንጩ በ1962 የወጣው የዲሲ «ሲክሬት ሃርትስ» ቁጥር 83 ነው፤ ሰዓሊው ቶኒ አብሩዞ ነው። በኮሚኩ ከሴትየዋ ኋላ የተገለበጠ ጀልባ የያዘ ወንድ ነበረ፤ ሊክተንስታይን አውጥቶታል፤ ሴትየዋ በሐሳቧ የምትጠራውን የሰውየውን ስምም ከማል ወደ ብራድ ቀይሮታል። ሥዕሉን የሚያውቅ ሁሉ የአብሩዞንም ስም አብሮ ቢጠራ ፍትሕ ነው።

ጥያቄ፦ ያገኘሁትን ስም እንዴት ልመዝግብ?

እርሳስና ቀለም በየራሳቸው መስመር ይጻፉ። ፊርማ ካለ «ፊርማ» ይበሉ። በእጅ አሠራር ብቻ ከሆነ ከስሙ ጎን የጥያቄ ምልክት ያድርጉና ያመሳከሩበትን መጽሔት፣ ቁጥርና ገጽ ይጥቀሱ። ምልክቱን የሚያነሱት የክፍያ መዝገብ፣ ፊርማ ያለበት ዋናው ገጽ ወይም የሰዓሊው የራሱ ቃል ሲገኝ ነው። ያለ ምልክት የገባ ግምት ከመዝገብ ወደ መዝገብ ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ ማረም በጣም ይከብዳል።