ወንፈል እንጂ ደቦ አይደለም

እሷ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የሚሰማችሁ ነፋስ የጣና ነው፤ ዳሩ ላይ ቁጭ ብለን ነው የምንቀዳው። ጋሼ፣ ቡና ደረሰዎት?

እሱ፦ ሁለተኛዬ ነው። ቀጥይ ልጄ።

እሷ፦ ለማታውቁን፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ጋሼ ላብራቶሪ ውስጥ 26 ዓመት ሠርተዋል። ስምንት ሆነን በየሦስት ሳምንቱ እንገናኛለን፤ መምህራን አለን፣ ከሬጅስትራር አለች፣ ከቤተ መጻሕፍት አለ። እያንዳንዱ በተራው ያቃተውን ነገር ይዞ ይመጣል። ባለፈው ተራው የኔ ነበር።

እሱ፦ የፈተና ወረቀት ተሸክማ መጣች።

እሷ፦ 62 ተማሪ ተፈትኖ ሰባተኛውን ጥያቄ ያገኙት ዘጠኝ ናቸው። እኔ ልጆቹ አያነቡም ብዬ ተናድጃለሁ። ወረቀቱ ሲዞር ጋሼ እጅ ገባ።

እሱ፦ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደኛ ሲመለስ «ከሚከተሉት ውስጥ ትክክል ያልሆነው የትኛው አይደለም?» ይላል። «ልጄ፣ የሆነውን ነው ያልሆነውን የምትፈልጊው?» አልኳት።

እሷ፦ ዝም አልኩ። ለካ እኔም አላውቀውም! አራት ዓመት ሙሉ ያንኑ ጥያቄ ስሰጥ ኖሬያለሁ።

እሱ፦ ትምህርት ክፍል ስብሰባ ላይ ብታነሺውስ ኖሮ?

እሷ፦ ኧረ ጋሼ! አለቃ ባለበት ጉድለቱን የሚያወጣ ማን አለ? የዓመቱ ምዘና ሲመጣ ያቺው ትነሳለች። እዚህ ግን እርስዎም የኔን ምዘና አይሞሉም፣ እኔም የእርስዎን አልሞላም። ደግሞ አንድ ለአምስትን ያስታውሳሉ አይደል?

እሱ፦ እንዴት እረሳዋለሁ! ያልተሰበሰብነውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ጽፈን ፈርመናል እኮ።

እሷ፦ ስለዚህ ነው እኛ ቃለ ጉባኤ የማንይዘው። ማንም ሪፖርት አይጠብቅም።

እሱ፦ እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ አገሬ ደቦ ሌላ፣ ወንፈል ሌላ ነው። ደቦ ባለቤት አለው። ጠላ ይጠምቃል፣ እንጀራ ያስጋግራል፣ ሰው ይጠራል። አጭደሽ፣ በልተሽ፣ ጠጥተሽ ትሄጃለሽ። ወንፈል ግን ቀን በቀን ነው፤ ዛሬ ያንቺን ማሳ ካረምን ነገ የኔን ነው። ያልመለሰ ሰው ይታወቃል።

እሷ፦ አዳራሽ ተይዞ፣ አበል ተቆርጦ የሚሰጠው ሥልጠና ደቦ ነዋ!

እሱ፦ አበሉ ሲቀር ሰዉም ይቀራል።

እሷ፦ አሜሪካ ማያሚ ዩኒቨርሲቲ የሚባል አለ። ስሙ እንዳያሳስታችሁ፣ ፍሎሪዳ ሳይሆን ኦሃዮ ነው ያለው። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መምህራኑን በትንንሽ ቡድን ሲያማማር ኖሯል። የሚመከረው ከ8 እስከ 12 ሰው ሆኖ፣ ከተለያየ የሙያ ዘርፍ ተውጣጥቶ ዓመት ሙሉ አብሮ መቆየት ነው።

እሱ፦ ከተለያየ መሆኑ ምን ይጠቅማል?

እሷ፦ የኔን ጥያቄ የክፍላችን ሁለት መምህራን አይተው አልፈውታል። ምን ለማለት እንደፈለግኩ ስለሚያውቁ የጻፍኩትን አላነበቡትም። እርስዎ ትምህርቱን ስለማያውቁት ነው ያነበቡት።

እሱ፦ አለማወቄ ጠቀመሽ በይኛ!

እሷ፦ (ሳቅ) እንደዚያ አላልኩም።

እሱ፦ እዚህ ባሕር ዳር ግን ሌላም ነገር አለ። ፖሊ የምንለው ፖሊቴክኒኩ በ1955፣ ፔዳ የምንለው የመምህራን ማሠልጠኛው በ1965 ዓ.ም. ነው የተጀመሩት፤ በ1992 አንድ ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። እስከ ዛሬ ግን ሰው «የት ነህ?» ሲሉት «ፖሊ»፣ «ፔዳ» ነው የሚለው። ዘንዘልማ ግቢ ያለው ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ነው የሚመጣ።

እሷ፦ ለዚህ ነው ሐይቁ ዳር የመረጥነው። አንዱ ግቢ ቢሆን ኖሮ አንዱ ባለቤት፣ ሌላው እንግዳ ይሆን ነበር። ሁሉም ግን አልያዘልንም፤ መጀመሪያ 11 ነበርን። ሦስቱ ማታ ማታ ሌላ ቦታ ያስተምራሉ፣ በዚህ ኑሮ አልፈርድባቸውም። እኔ የምፈርደው የራሱን ተራ ጨርሶ በሚጠፋ ሰው ላይ ነው።

እሱ፦ እንግዲህ ከፈረድሽ አይቀር፣ የሚቀጥለው ተራ የኔ ነው። ወንፈሌን መልሺ።

እሷ፦ ምን ይዤ ልምጣ?

እሱ፦ ላፕቶፕሽን። የኬሚካሉን ዝርዝር የያዝኩት በእጅ ጽሑፍ ነው። የትኛው ጊዜው እንዳለፈበት ለማወቅ ሁሉን ማገላበጥ አለብኝ። ኤክሴል ላይ አሳዪኝ፤ ስሸሸው ነው የኖርኩ።

እሷ፦ ይኼማ ቀላል ነው! ደብተሩ ስንት ገጽ ነው?

እሱ፦ አራት ደብተር ነው።

እሷ፦ ጋሼ!

እሱ፦ እኔ አራት ዓመትሽን አንስቼብሻለሁ?