«አልተኛሁም» ብዬ የማልኩት እኔ ነኝ

እንደምን አመሻችሁ ወንድሞች፣ እህቶች። እኔም እንደናንተው የትራክ ሾፌር ነኝ፤ የተጠራሁት ስለ ኢንሹራንስ እንድናገር ነው። እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ስለ እንቅልፍ።

ባለቤቴ «ሌሊት ትንፋሽህ ቀጥ ይላል፣ ታስፈራኛለህ» እያለች ስንት ዓመት ነገረችኝ። «አንቺ ደግሞ!» ብዬ ሎዴን ጭኜ ሀይዌይ 81 እገባለሁ። ለመንዳት ጤነኛ ነው የሚለውን ሜዲካል ካርዴን ላሳድስ ስሄድ ግን ሐኪሙ የአንገቴን ውፍረት ለካና፣ «ሌሊት ትንፋሽ የሚያቋርጠው በሽታ ሊሆን ይችላል» ብሎ ወደ እንቅልፍ ክሊኒክ ላከኝ። እዚያ ቅጽ ሰጡኝ። ኤፕዎርዝ ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ሜልቦርን ውስጥ ያለ ሐኪም ያወጣው ነው። 8 ጥያቄ ነው። ስታነብ፣ ቴሌቪዥን ስታይ፣ ከምሳ በኋላ ጸጥ ብለህ ስትቀመጥ፣ መኪናህ ትራፊክ ይዞት ሲቆም፣ ምን ያህል ያሸልብሃል? ከ0 እስከ 3 ትሰጣለህ፤ ድምሩ ከ10 ካለፈ ነገር አለ።

የኛ ሰው ምን እንደሚሞላ ታውቃላችሁ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ካርዱ እንጀራችን ነዋ! እኔም ዜሮ ዜሮ እያልኩ ስድስተኛው ላይ ስደርስ ነርሷ ትከሻዬን ነካ ነካ አድርጋ ቀሰቀሰችኝ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ጎትቶታል። ሳቁ፣ ሳቁ፤ እዚህ ያላችሁትም ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ሌሊት ትንፋሼ እንዳይቋረጥ በጭንብል አየር የሚነፋው ማሽን፣ ሲፓፕ ተሰጠኝ። በአንድ ሌሊት ቢያንስ ለ4 ሰዓት ያህል፣ ከ100 ሌሊት 70ውን ካደረግክ «ጎበዝ» ትባላለህ። እኔ ሁሉንም ሌሊት አደረግሁ። ሪፖርቴ የሚያምር! ሀይዌዩ ላይ ሮአኖክ ከተማ አካባቢ ስደርስ ግን ዓይኔ ያው ይከደናል። ጭንብሉን ስንት ሰዓት እንዳጠለቅሁ ሁሉም ይቆጥራል። ቀን ላይ ነቅተሃል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ማነው? ማንም!

ተጨቃጭቄ የንቃት ምርመራ አስደረግሁ። ደብዘዝ ያለ ክፍል፣ ጭንቅላቴ ላይ ገመድ ተለጥፎ፣ አልጋ ላይ ተደግፌ ቁጭ። 40 ደቂቃ አትተኛ ይሉሃል። መዝፈን የለም፣ ራስን በጥፊ መምታት የለም። በየ2 ሰዓቱ፣ 4 ጊዜ። የመጀመሪያው ላይ ቴክኒሺያኑ በሩን ከፍቶ «በቃ፣ ተኝተሃል» አለኝ። «በማርያም አልተኛሁም!» አልኩት። ከልቤ ነው የማልኩት። ስክሪኑን አዞረልኝ። 11ኛው ደቂቃ ላይ ነው።

በ65 ማይል ፍጥነት 11 ደቂቃ ማለት 12 ማይል አካባቢ ነው። እኔ ስተኛ አላውቅም እኮ! ራሴን ምስክር አድርጌ ነው ስንት ዓመት ያን ሁሉ ቶን የነዳሁት።

የማሽኑ ግፊት ተስተካከለ፣ የሌሊት ሎድም ተውኩ፣ አሁን ደህና ነኝ።

ቅጹ ቡናው ያለበት ጠረጴዛ ላይ አለ። ሁለት ሁለት ውሰዱ። አንዱን እናንተ፣ አንዱን የትዳር ጓደኛችሁ ስለ እናንተ ይሙላው፣ ሳትተያዩ። የኢንሹራንሱም ወረቀት እዚያው ነው።