ማይኩ ከኋላ ወንበር አይደርስም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከጎንደር ነኝ፤ ዛሬም ብቻዬን ነው የማወራው። ስለ ቀበሌ ስብሰባ ነው፣ በተለይ «አስተያየት መስጫ» ስለምትባለዋ ሰዓት።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ሪፖርቱ ይነበባል፣ ይነበባል። ከዚያ ሰብሳቢው ሰዓቱን አየት ያደርግና «ጊዜ ስለሌለን አምስት ሰው ብቻ፣ አጠር አጠር አድርጉት» ይላል። ማይኩ ፊት ለፊት ለተቀመጡት ይዞራል። ከኋላ ያሉ እናቶች እጃቸውን እንዳወጡ ስብሰባው ያልቃል።

የደቂቃ ገደቡን አልቃወምም። አንዳንዱ ማይክ ሲይዝ ከአፄ ፋሲል ነው የሚጀምረው፣ እናውቀዋለን! ግን ገደቡ መድረኩንም ይያዝ እንጂ። ለጠያቂ ሦስት ደቂቃ፣ ለሪፖርት ሁለት ሰዓት፤ ይሄ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

ከሁሉ የሚያበግነኝ «ጥያቄዎቹን ሰብስበን እንመልሳለን» የሚሉት ነገር ነው። አንዷ ስለ ውሃ ትጠይቃለች፤ አንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ምን ታስቧል ትላለች። ሌላው መንገድ ያነሳል፣ ሌላው የይዞታ ካርታ። ከዚያ አንድ መልስ ለሁሉም ይመጣል፦ «የተነሱት ሐሳቦች ገንቢ ናቸው፣ በሂደት ይፈታሉ»። የሴትዮዋ ውሃስ? ቃለ ጉባኤው ላይም «ተሳታፊዎች ልዩ ልዩ አስተያየት ሰጥተዋል» ተብሎ ይዘጋል።

ስብሰባ መጠራታችንን እንደ ችሮታ የሚያዩ አሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን አንቀጽ 43 ላይ፣ አካባቢያችንን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባችን እንዲጠየቅ መብት ሰጥቶናል። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል።

አሠራሩን ከሩቅ አገር ማምጣት አያስፈልግም፤ የኛን ሰፈር እድር ማየት ነው። ጸሐፊው መጀመሪያ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ያነባል። ማን ምን ጠየቀ፣ ምን ተወሰነ፣ ማን ሊፈጽም ተመደበ። ያልፈጸመ ካለ እዚያው ይቆማል፣ ይናገራል። ድንኳንና ድስት ለሚቆጣጠር ማኅበር ይህ ከተቻለ፣ ማኅተም ላለው መሥሪያ ቤት እንዴት ይከብዳል?

እስከዚያው ግን አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ጥያቄያችሁን አጠር አድርጋችሁ ጻፉና በሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። ማይኩ ካልደረሳችሁ በማግስቱ መዝገብ ቤት አስገቡት። በእናንተ ቅጂ ላይ ቀንና ቁጥር ሳታስጽፉ እንዳትወጡ፣ ነግሬያችኋለሁ። በሉ፣ ቸር ሰንብቱ።