ፅንስ ደጋግሞ ሲጨነግፍና ምክንያቱ ሲጠፋ፦ ሄፓሪን ለማን?

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ፅንስ ደጋግሞ የጨነገፈባትን ሴት መርምረን ምንም ሳናገኝ ስንቀር ባዶ እጇን ልንሸኛት አንጨክንም። ስለዚህ የደም መርጋትን የሚከላከለው መርፌ፣ ሄፓሪን፣ ይታዘዛል። በእንግዴ ልጁ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ደም እየረጋ ፅንሱን ይጎዳ ይሆናል ከሚል ግምት የመጣ ነው። ግምቱ ግን ተፈትኖ አልጸናም።

እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ የወጣው የኔዘርላንድስ ጥናት 364 ሴቶችን በሦስት መደበ። አንደኛው ቡድን 80 ሚሊግራም አስፕሪንና ናድሮፓሪን የተባለ የሄፓሪን ዓይነት መርፌ፣ ሁለተኛው አስፕሪን ብቻ፣ ሦስተኛው መድኃኒት የሌለበት ክኒን ወሰደ። ካረገዙት መካከል ሕያው ልጅ የታቀፉት በቅደም ተከተል 69፣ 62 እና 67 በመቶ ነበሩ። ይህችን 67 ልብ በሉልኝ፤ ያለ ምንም መድኃኒት ነው። ለታካሚዋ መንገር ያለብንም ይህንኑ ነው። በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በዘር የሚወረስ የደም መርጋት ዝንባሌ ያለባቸውን አየ፤ ሄፓሪን ከወሰዱት 72፣ ካልወሰዱት 71 በመቶ ወለዱ።

መርፌው የሚጠቅማት ሴት ግን አለች፤ አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም (ሰውነቷ የሚሠራቸው ፀረ እንግዳ አካላት ደም እንዲረጋ የሚያደርጉበት ሕመም) ያለባት። እሷ እንዳታመልጠን ሉፐስ አንቲኮአጉላንት፣ አንቲካርዲዮሊፒን እና አንቲ ቤታ 2 ግላይኮፕሮቲን 1 የተባሉት የፀረ እንግዳ አካላቱ የደም ምርመራዎች ይታዘዙ። ኢንፌክሽን እንኳ ፀረ እንግዳ አካላቱን ለጊዜው ከፍ ሊያደርጋቸው ስለሚችል ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ ምርመራው ይደገማል። ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፦ ሄፓሪን ይጀመርና ደም በኋላ ይቀዳል። ሄፓሪን ደግሞ የሉፐስ አንቲኮአጉላንትን ውጤት ሊያዛባ ይችላል። እባካችሁ፣ ደሙ ይቅደም። ሲንድረሙ ከተረጋገጠ አነስተኛ መጠን አስፕሪንና ሄፓሪን አብረው ይሰጣሉ። ሌላው የደም መርጋት መከላከያ፣ ዋርፋሪን፣ እንግዴ ልጁን አልፎ ፅንሱን ይጎዳል፤ ሄፓሪን አያልፍም።

አወጋጉን በእጃችሁ አሳዩዋት። ከእምብርት ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ራቅ ብሎ የሆድ ቆዳዋን ቆንጠጥ አድርጋ ትይዛለች፤ መርፌው ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ቆዳውን የምትለቀው መርፌው ከወጣ በኋላ ነው። ቦታውን በየቀኑ ትቀይራለች። አታሸውም፤ ከታሸ ይበልዛል። ምጥ ሲጀምራት ቀጣዩን መርፌ ሳትወጋ ትምጣ፤ የመከላከያ መጠን ከተወጋች 12 ሰዓት ሳይሞላት የወገብ ማደንዘዣ አይሰጣትም።

ምክንያቱ ያልተገኘላትስ? ፎሊክ አሲድ፣ ቀደም ያለ አልትራሳውንድና የቅርብ ክትትል። በማህፀን ውስጥ መሆኑ በተረጋገጠ እርግዝና ደም ከታያት ደግሞ 400 ሚሊግራም ፕሮጄስትሮን (እርግዝናን የሚደግፍ ሆርሞን) በቀን ሁለት ጊዜ በብልት በኩል፤ የልብ ምት ከታየ እስከ 16 ሳምንት ይቀጥላል።