ቢጫዋ ካፓሲተር

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ከሞተ የኮምፒውተር ማዘርቦርድ የነቀልኳት ቢጫ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ ለጊዜው የምትይዝ ዕቃ፣ አለች። ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ጫፏ ላይ ቀጭን መስመር አለባት።

ይቺን መስመር አልረሳትም። ጥገና ስጀምር እጄን ያፍታታሁት በክቦቹ፣ በትልልቆቹ ካፓሲተሮች ነው። እነሱ ላይ መስመሩ ያለው በኔጌቲቩ በኩል ነው። ቢጫዋም እንደዚያው መስላኝ ገልብጬ በየድኳት። ኤሌክትሪክ ስሰጣት ጧ! ጭስ በጭስ ሆንን። የቦርዱ ባለቤት ደግሞ አጠገቤ ቆሟል። ለካ እሷ ላይ መስመሩ ፖዘቲቩን ነው የሚያሳየው። ሌላ ቦርድ ከኪሴ ገዝቼ ተካሁለት።

ያን ሰሞን ነው "ይቺ ጉደኛ ከምንድን ነው የተሠራችው?" ብዬ መፈለግ የጀመርኩት። ታንታለም ከሚባል ብረት ነው። ታንታለም ደግሞ እኛው ጋ፣ ጉጂ ዞን፣ ቀንጢቻ አለ። ማዕድኑ ከሌላው ድንጋይ ተለይቶ ወደ ውጭ ሲላክ ኖሯል። ብረቱን ነጥሎ ማውጣት ግን ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይፈልጋል። ብርጭቆ የሚበላ አሲድ ነው። ቀንጢቻ ድረስ ሄጄ ማዕድኑን በማዳበሪያ ባመጣው እንኳ አሲዱን በምን ዕቃ ልይዘው ነው?

ከዚያ በኋላ ሐሳቡ አልለቀኝም። አንድ ሰው ኮምፒውተርን ከድንጋይ ጀምሮ ልሥራ ቢል የት ድረስ ይሄዳል?

የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ቺፕ፣ ከአሸዋ ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ግን እንጀራ ከአፈር ነው እንደማለት ነው። ኳርትዝ የሚባለው ድንጋይ ከከሰል ጋር ምድጃ ይገባል፣ 2,000 ዲግሪ ገደማ። 99 ከመቶ የጠራ ሲሊከን፣ ማለትም ቺፕ የሚሠራበት ንጥረ ነገር፣ ይወጣል። ለቺፕ ይሄ ገና ቆሻሻ ነው። በኬሚካል ወደ ፈሳሽ ተቀይሮ፣ እንደ አረቄ ደጋግሞ ወጥቶ፣ ተመልሶ ጠጣር ይሆናል። የሚፈለገው 99.9999999 ከመቶ ነው። እናቴ ጤፍ ስትነፋ ትዝ ይለኛል። በሦስት አራት ኩንታል ጤፍ ውስጥ አንዲት ባዕድ ፍሬ ብቻ ብትቀር ነው እዚህ ቁጥር የሚደረሰው።

እሺ፣ እሱም ተሳካ እንበል። ሲሊከኑን በ1,414 ዲግሪ የምታቀልጡበት ድስት አለ። ድስቱ ራሱ ከጠራ ኳርትዝ ካልተሠራ ሲሊከኑን ያበላሸዋል። ለዚህ የሚሆነው ኳርትዝ በብዛት የሚመጣው ደግሞ ስፕሩስ ፓይን ከምትባል የኖርዝ ካሮላይና ትንሽ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2024 ሄለን የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታት የማዕድን ማውጣቱ ሥራ ቆመ፣ የቺፕ ዓለምም ደነገጠ። እኔ ትራንዚስተሩ ላይ፣ ቺፑ ውስጥ ያለችው ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያ ላይ፣ ስደርስ የምሸነፍ ይመስለኝ ነበር። ድስት ፍለጋ ላይ ቀረሁ በሉ።

የቀለጠውን ሲሊከን ወደ አንድ ወጥ ክሪስታል የሚቀይረው ዘዴ የቾክራልስኪ ነው። ፖላንዳዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1916 በርሊን ይሠራ ነበር። ብዕሩን ቀለም ውስጥ ልንከር ብሎ ተሳስቶ የቀለጠ ቲን ውስጥ ነከረው ይባላል። ያው ለብየዳ የምንጠቀምበት ብረት። ብዕሩን ሲያወጣው ቀጭን ክር ተከትሎት ወጣ። ክሩ አንድ ወጥ ክሪስታል ነበር።

ሰውዬው ተሳስቶ ክሪስታል አገኘ። እኔ ተሳስቼ ያገኘሁት ሽታ ሳምንት ሙሉ ከክፍሉ አልወጣም።