ይህቺን አሻንጉሊት አውርዱልኝ

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ በህንድ ዩኒቨርሲቲዎች የተማራችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ክቡራን እንግዶች፤ እንደምን አመሻችሁ?

ኮሚቴው ስለ ሂንዱዎች አለባበስ እንድናገር ሲጠይቀኝ ወዲያው ነው እሺ ያልኩት። ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ዛሬ ከሰዓት ማይኩን ልሞክር ስመጣ ግን ይህቺን ከጀርባዬ የቆመችውን አሻንጉሊት አየኋት። ቤቴ ተመልሼ የመጀመሪያውን ገጽ ቀደድኩት።

እስቲ እዩዋት። ሳሪው ቆንጆ ነው። ማን እንዳዋሰን አውቃለሁ፤ እግዜር ይስጥልን። መርፌ ቁልፉን ግን ቆጠርኩት። አሥራ አንድ ነው። ከስሯ ደግሞ «የሂንዱ ሴቶች የባህል ልብስ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የእኔ ጠብ ከዚህች ወረቀት ጋር ነው።

እኛ ሀገር «የባህል ልብስ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንተዋወቃለን። ከቁም ሳጥን ይወጣል፣ ለሰርግ ወይ ለበዓል ይለበሳል፣ ፎቶ እንነሳበታለን፣ ይመለሳል። እናንተ ግን እዚያ ኖራችኋል። ሳሪን የት ነው ያያችሁት? ሰርግ ላይ ብቻ? ሲሚንቶ በራሷ ተሸክማ ፎቅ የምትወጣዋ የቀን ሠራተኛ ምን ለብሳ ነበር? አትክልት የምትሸጥላችሁስ? ፈተና የምትፈትናችሁ ፕሮፌሰርስ?

ፑኔ ከተማ ቤት ያከራዩኝን አሮጊት ላስተዋውቃችሁ። ሰፈሩ ሁሉ «አጂ» ነበር የሚላቸው። በአካባቢው ቋንቋ፣ በማራቲ፣ አያት ማለት ነው። አጂ የሚለብሱት ናውዋሪ የሚባለውን ሳሪ ነው። «ናው» ዘጠኝ ነው፣ «ዋር» ደግሞ ያርድ። ከስምንት ሜትር በላይ የሆነ አንድ ወጥ ጨርቅ። መቀስ አልነካውም፣ መርፌ አልወጋውም። የውስጥ ጉርድ አይፈልግም። ወገባቸው ላይ ይቋጥሩታል፣ ይሸነሽኑታል፣ ከዚያ ሽንሽኑን በእግራቸው መሀል ወደ ኋላ አሳልፈው ወገባቸው ላይ ይወትፉታል። እግርና እግር ተለያየ። ሱሪ ሆነ ማለት ነው! በዚያ ልብስ ቁጢጥ ብለው ወለል ይወለውላሉ፣ ወንበር ላይ ቆመው የሸረሪት ድር ያወርዳሉ። ፑኔ ባለችበት በማሃራሽትራ ግዛት ዓሣ ሻጮቹም እርሻ የሚውሉትም ሴቶች ሲለብሱት የኖሩት ለዚህ ነው። ሥራ ያለበት ሰው የፈጠረው አለባበስ ነው።

አንድ ቀን ሳሪያቸውን አጥበው ከሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ቁልቁል ለቀቁት። ጫፉ ታች ያለው ጎረቤት መስኮት ድረስ ወረደ። ጎረቤትየው አልተቆጣም። ለምዶታል። ሲደርቅ ጠሩኝና አንዱን ጫፍ ወርውረውልኝ «ዳር!» አሉ። እኔ ያኔ ማራቲ አንድ ቃል አልችልም። በአማርኛ ሰማሁትና ዳሩን ያዝኩ። ለካ «ዳር» በእሳቸው ቋንቋ «ያዢ» ማለት ኖሯል። ተግባባን። ከእናቷ ጋር ጋቢ ያጠፈች ሰው ቀሪውን ታውቀዋለች። መወጠር፣ ማራገፍ፣ ጫፍና ጫፍ ማጋጠም፣ መጠጋጋት። አገሬ ትዝ ብሎኝ የመጀመሪያውን ለቅሶ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው። ደብዳቤ ሲመጣልኝ እንኳ አላለቀስኩም።

ከዚያ የኮሌጁ «የሳሪ ቀን» መጣ። ታስታውሱታላችሁ። ጓደኛዬ የራሷን አዋሰችኝ። ዛሬ አብዛኛው የህንድ ሴት በምትለብሰው መንገድ፣ ኒቪ በሚባለው፣ አለበሰችኝ። ሽንሽኑ ፊት ለፊት እምብርት ስር ይወተፋል፣ ፓሉ የሚሉት ያጌጠው ጫፍ በግራ ትከሻ ወደ ኋላ ይወርዳል። (ጉጃራቶች በቀኝ ትከሻ ወደ ፊት ያመጡታል። በየአካባቢው ይለያያል፤ የአለባበሱን ዓይነት መዝግበው ከሰማንያ በላይ ያደረሱ ተመራማሪዎች አሉ።) እኔ በራሴ አላመንኩም። መርፌ ቁልፍ ለመንኩ፣ እንደ አሻንጉሊቷ ቁልፍ በቁልፍ ሆንኩ። ከደረጃው ስር ሪክሾ ሲጠራ ሰምቼ ሮጥኩ። የገዛ ሽንሽኔን ረገጥኩት። አንዱ ቁልፍ ተከፈተ፣ ሌላው ሆዴን ወጋኝ። ስድስት ያርድ ጨርቅ ደረጃው ላይ ተዘረገፈ፣ እኔ በውስጥ ጉርድና በብላውዝ ቆሜ ቀረሁ። ሪክሾው ሹፌር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጨዋ ሰው ነበር።

አጂ ወጡ። አልሳቁም። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነቅለው አፋቸው ላይ ያዙ፣ ከዚያ መዳፌ ላይ ቆጥረው አስረከቡኝ። ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ያለ አንድ ቁልፍ አለበሱኝ። ቀኑን ሙሉ ዋልኩበት። ጨፈርኩበት። አልወረደም። ልብሱ የሚቆመው በወገብሽ ነው፣ በአረማመድሽ ነው። አሻንጉሊት ወገብ የላትም፣ አትራመድም። ቁልፍ ያስፈለጋት ለዚህ ነው፤ በእሷ አልፈርድም።

ሳሪ ሲያረጅስ? ይጣላል? አጂ ሰባት ስምንት ያረጀ ሳሪ ደራርበው በእጅ ይሰፉና ጎዳዲ የሚባል ብርድ ልብስ ያደርጉታል። የክረምቱን ብርድ ያሳለፍኩት በሟች እህታቸው ሳሪዎች ነው። ሠራተኛዋ ደግሞ አንዱን ከጣሪያ እንጨት ላይ አንጠልጥላ ልጇን ታስተኛበት ነበር። ማነው ታዲያ «የባህል ልብስ» ብሎ የሚለጥፍበት?

ይህን የምለው በእኛ ላይ ብቻ አይደለም። እዚያም አሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. ቼናይ ውስጥ አንድ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ለመጽሐፍ ምረቃ ወደ አንድ ክለብ ሄዱ። ቬሽቲ ለብሰዋል። ቬሽቲ የደቡብ ህንዶቹ የታሚሎች ነጭ ሽርጥ ነው፤ ሰሜኖቹ ዶቲ የሚሉት ዘመድ። በር ላይ «በዚህ ልብስ አይገባም» ተባሉ። ዳኛ ናቸው! በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ከተማቸው፣ አባታቸው በለበሱት ልብስ! የአለባበስ ደንቡ ከእንግሊዝ ዘመን ክለቦች የተወረሰ ነው፤ እንግሊዝ ከወጣ ያኔ 67 ዓመት ሆኖት ነበር፣ በረኛው አልሰማም። የግዛቱ፣ የታሚል ናዱ፣ ምክር ቤት በወሩ ሕግ አወጣ፤ በቬሽቲ ምክንያት ሰው የሚመልስ ክለብ ፈቃዱን ያጣል። ጎሽ!

በዚያው ዓመት በመስከረም የህንድ መንኮራኩር ማርስ ምህዋር ገባች። ፎቶውን ሁላችሁም አይታችሁታል። የጠፈር ድርጅቱ ሴት ሠራተኞች ሐር ሳሪ ለብሰው፣ ፀጉራቸው ላይ አበባ ሰክተው ተቃቅፈው ይስቃሉ። ዓለም በአድናቆት አጨበጨበ። እኔ ግን የገረመኝ የዓለም መገረም ነው። ሥራ ላይ ነበሩ፣ ለሥራ የሚለብሱትን ለብሰው ነበር። ምን ይልበሱ?

ጋንዲንም ሳላነሳ አላልፍም። በ1921 ማዱራይ ላይ ሸሚዝና ኮፍያውን ትቶ ከወገብ በታች ያለችውን ቁራጭ ጨርቅ ያዘ። በእጅ የተፈተለ፣ በእጅ የተሸመነ። በ1931 በዚያችው ልብስና በኩታው ከንጉሥ ጆርጅ ጋር ሻይ ጠጣ። ቤተ መንግሥቱ አልፈረሰም።

«ባህል» ሲባል ደግሞ ምንም ያልተቀየረ ነገር ይመስለናል። ይህ ብላውዝና የውስጥ ጉርድ አሁን ባለው መልኩ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጅናናዳናንዲኒ ዴቢ የተባለች የካልካታ ሴት፣ የባለቅኔው የታጎር ቤተሰብ ምራት፣ ቦምቤይ ኖራ ስትመለስ አለባበሱን ይዛ መጣች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። የዛሬ ልጆች ደግሞ ኩርታ የሚሉትን ረጅም ሸሚዝ በጂንስ ይለብሳሉ። ሳልዋር ካሚዝም፣ ሱሪው ከረጅም ቀሚሱ ጋር፣ ከፑንጃብ ተነስቶ አገሩን አዳርሷል። ይልበሱ። እኔ ፖሊስ አይደለሁም።

ስለ ምልክቶቹ በአጭሩ። ማንጋልሱትራ የሚባለው የአንገት ሐብል ጥቁር ዶቃ፣ የፀጉር መክፈያ ላይ ያለው ሲንዱር የሚሉት ቀይ ቀለም፣ በማሃራሽትራ አረንጓዴው አምባር፣ ያገባች ሴት ምልክት ናቸው። እኔ ቢንዲ የምትባለውን በሱቅ የተገዛች ተለጣፊ ነጥብ ግንባሬ ላይ አድርጌ አጂ ፊት ስሽከረከር አንድ ነገር አላየሁም ነበር። የእሳቸው ግንባር ባዶ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አይቀቡም። ዛሬ ይህን ልማድ የሚተዉ መበለቶች አሉ፣ ደግ አደረጉ። አጂ ግን ቢንዲዬን በአውራ ጣታቸው ወደ መሀል አስተካከሉልኝ እንጂ ምንም አላሉም።

ኬረላ የተማራችሁ እንዳትቀየሙኝ፣ የእናንተን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት በክብር ነው። ነጭ ካሳቩ ሳሪ፣ ወርቃማ ጥለት ያለው። በኦናም በዓል ጎዳናው በሙሉ ነጭ ሲሆን ጥምቀት የመጣ ይመስላል። ወንዶቹ ሙንዱ የሚሉትን ሽርጣቸውን ለሥራ እስከ ጉልበት አጥፈው ያስሩታል፣ ታላቅ ሰው ሲያዩ እጥፉን ፈትተው ወደ ታች ይለቁታል። የእኛ አባቶች ሸማቸውን ያደገድጉ የለም? ትርጉም ማን ይፈልጋል።

የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ መምህራችንም ከዚያ ነበሩ። «ሂንዷ» እንላቸው ነበር። ኋላ ነው የኦርቶዶክስ ክርስቲያን መሆናቸውን ያወቅነው። ሳሪውን የሚለብሱት ሂንዱዎች ብቻ አይደሉም፤ ወረቀቷ ይህንንም አታውቅም። መምህርቷ ሲናደዱ የፓሉን ጫፍ ወገባቸው ላይ ይወትፉ ነበር። ያኔ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ለምሽቱ የያዝኩት ይህ ነው። ስለ ሸማኔዎቹና ስለ ካንቺፑራም ሐር የጻፍኩት አንድ ገጽ ቀርቶኛል፤ እራቱ ይቀዘቅዛል፣ እተወዋለሁ።

አሁን አንዲት ልጅ፣ አዎ አንቺ፣ ወደ መድረኩ ነይ። መጀመሪያ ወረቀቷን ላጪልኝ። ቁልፎቹን ቀስ እያልሽ ንቀይ፣ ጨርቁ እንዳይቀደድ፣ የሰው ነው። አሥራ አንድ ናቸው፣ ቁጠሪ። ጨረስሽ? በይ አንዱን ጫፍ ለኔ፣ ሌላውን ይዘሽ ወደ በሩ ሂጂ። ጨምሪ። ጨምሪ።

ዳር!